አታሟርቺብን

ማን ያውቅ ነበር ይላል ደግሞ፣ ማን ያውቅ ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር ጋሼ፣ እኔ እህትህ፣ ነግሬህ ነበር፣ ዝም ልበል፣ የሆስፒታል ኮሪደር ነው፣ እማዬ ከዚያ በር ጀርባ ተኝታለች፣ ከትናንት ወዲያ የክፍሏ ግድግዳ እግሯ ላይ ተንዶ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ጠያቂ ያስተምራል። ስለ ኤርምያስ! ከነቢይ ሁሉ መርጦ ኤርምያስ፣ ከተማችሁ ልትጠፋ ነው ቢላቸው ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት ወገኖቼ፣ ጎረቤታችን ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወይ ልበ ደንዳኖች፣ እናት ዓለም፣ አጠገብሽ ተቀምጦልሻል።

ስንጥቁን ያየሁት እኔ ነኝ። ከአልጋዋ ራስጌ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሚተረተር ነገር አያመልጠኝም፣ ክር ወጠርኩበት፣ ወዲህና ወዲያ በሙጫ አጣብቄ፣ ግድግዳው ካልተላወሰ ክሩ ምን ይሆናል፣ ተበጠሰ፣ ወፍራም ወጠርኩ፣ እሱም ተበጠሰ፣ ጋሼ ና እይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል፣ እማዬን ወደ እኔ ክፍል እናዛውራት። ጥንቆላም ጀመርሽ? አታሟርቺብን! እማዬም ሳቀች፣ ተይው ልጄ፣ እሱ መጽሐፍ ያውቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

መጽሐፍስ ያውቃል። የዘመመውን ግድግዳ ልስን ስለሚቀቡት ሰዎች ስንቴ አስተማረን፣ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ስለሚሉት፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ስንጥቁን ከነክሬ በልስን ደፈነው፣ ቀለምም ቀባው፣ አየሽ፣ አማን ነው። አማን! ኤርምያስን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው የዚያች ከተማ ንጉሥ ነበር፣ ልጆቹን ዓይኑ እያየ ጠላቶቹ አረዷቸው፣ የእሱ ዓይን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ይህን ለምን ዘለልከው መምህር፣ ያልሰማው እሱ፣ የታረዱት ልጆቹ፣ ያልሰማኸው አንተ፣ የደቀቀችው እማዬ፣ አንተማ ጭረት አልነካህ፣ ሸሚዝህ እንኳ የተተኮሰ ነው፣ የተኮስኩት እኔ፣ እጄን በቆረጠው።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ። ቤተሰብ ናችሁ? እግሩ ሞቷል፣ መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ አሁኑኑ ከጉልበቷ በላይ ካልቆረጥን ራሷንም እናጣታለን፣ እሷ ነፍሷን አታውቅም፣ የሚፈርም እፈልጋለሁ፣ ወረቀቱን ለእሱ ዘረጋችለት፣ ታላቅ ነዋ፣ መዳፉን አነሳ፣ አልቀበልም፣ ዶክተር፣ እባክዎ አያሟርቱብን፣ እስከ ነገ እንጸልይና

አያሟርቱብን። እዚህም! ጠያቂዎቹም አሜን፣ ምኑን ነው አሜን፣ እግሯ ነው፣ ገበያ ወርዳ ሁሉን ሰው ሳትስም የማትመለስበት እግር፣ ስትነቃ ማንን ልትጠላ ነው፣ እኔን፣ የፈረመችውን፣ ትጥላኝ፣ ቁጭ ብላ ትጥላኝ፣ ዶክተር ለእኔ ይስጡኝ፣ ልጇ ነኝ፣ ጋሼ ክንዴን ልቀቅ፣ ልቀቅ አልኩህ፣ ስክሪብቶው እምቢ አለ፣ አንተም? ጻፍ፣ ጻፍ እንጂ፣ የት ጋ ነው፣ እዚህ ጋ፣ እሺ፣ እማዬ፣ እሺ