የስፒከሩ ቀሚስ

የልብስ ሰፊዋን ባል ማታ ማታ ከቤቱ የሚያስኮበልለው ድምፅ ነው። እንዲህ የሚለው እሱ ነው። እሷ የምትለው ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ መጻፍ አፍ ያበላሻል።

ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ደግሞ እህል ብቻ አይፈጭም፣ ጆሮም ይፈጫል። ጡረታ ሲወጣ ልጃቸው ቴሌቪዥን ገዛችላቸው፤ እንደ ትሪ የሳሳ፣ መልኩ የሚያስጎመጅ። ድምፁ ግን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው። ሰውዬው ሪሞቱን እስኪበቃው ይጫነዋል። ዝንቧ ትጮኻለች እንጂ ሰው አትሆንም።

ግድግዳ የምትጋራቸው ፀጉር ሠሪ ባሏ ሲሞት አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ትቶላት ሄዷል። አንድ ቀን ሰውዬው አምፖል ሊቀይርላት ገባ፤ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ከዚያ ወዲህ ተከታታይ ድራማው ሊጀምር ሲል እግሩ ራሱ መንገዱን ያውቃል።

«ዛሬም ልትሄድ ነው?» ትለዋለች ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች።

«እዚያ ይሰማኛል።»

«እኔ ስናገር ነው ጆሮህ የሚደፈነው?»

«ምን?»

«ሂድ ሂድ! ሂድልኝ!»

ይቺን ግን ይሰማታል። ሹራቡን ደርቦ ውልቅ ይላል።

እሷም ከመኪናዋ ጋር ትቀራለች። ድራማ አትወድም፤ ተቀምጦ የሰው ውሸት ማየት የሥራ ፈት ነው ባይ ናት። ግን ከግድግዳው ወዲያ የፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ሲመጣ፣ ቀጥሎም የባሏ ሳቅ ሲከተለው፣ አንጀቷ እርር ይላል። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲያ የሳቀላት መቼ እንደሆነ ብታስብ ብታስብ አጣችው። አንድ ማታ በንዴት የደንበኛ ሱሪ እግር ከእግር ሰፍታ አገኘችው። ያኔ ነው የቆረጠችው። ድምፅ ከሆነ የወሰደብኝ፣ ድምፅ ገዝቼ እመልሰዋለሁ አለች።

በማግስቱ ቴሌቪዥኑን አዙራ ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች አየች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይኗ ግን ልክ አይስትም። በሳሙና ጠመኔዋ ቀዳዳዎቹን እንዳሉ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነደፈቻቸው፤ ክቡን ክብ፣ አራት ማዕዘኑን አራት ማዕዘን አድርጋ። መደርደሪያውንም በሜትሯ ለካች። ከዚያ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዳ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

ባለሱቁ ጨርቁን አይቶ ሳቁ አመለጠው። «እማማ፣ ይኼ የምን ጥለት ነው?»

«የቲቪዬ ቂጥ ነው። አትሳቅ፣ ባሌ ድምፁ አልሰማ ብሎታል፤ የሚገጥመውን አምጣ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጨርቁን ደግሞ አየው። «ይቺ ክዳን ያላት አራት ማዕዘን ድምፅ በብርሃን የሚወጣባት መስመር ናት። ይህን የሚቀበል አምፕሊፋየር አለኝ፣ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳሽም። ስሚኝማ፣ የእነዚህ ስስ ቲቪዎች ድምፅ የሚወጣው ከጀርባቸው ነው። ሰውየሽ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እሱ ግን ከግድግዳው ጋር ነው የሚያወራው።»

«ከግድግዳ ጋር ማውራትስ እኔም አውቅበታለሁ» አለች።

ባለሱቁ ዘፈን ከፈተላት። ከበሮው ሲደልቅ የባንኮኒው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ዝጋው! ሠርግ ልደግስ መሰለህ? ሰው የሚያወራበትን አድርግልኝ።»

ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አገናኝቶ ዜና አሰማት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። «ለንግግር እነዚህ ይበቃሉ፤ ይረክሳሉም» አላት።

እሷ ግን ዓይኗ ነገር አየ። መጠናቸው፣ ጥቁረታቸው፣ ቁርጥ የፀጉር ሠሪዋ ናቸው።

«እነዚህን ንሣልኝ።»

«እንዴ፣ ምን አጠፉ?»

«የሰው ብጤ ናቸው። ከእነሱ የሚበልጥ አምጣ።»

ባለሱቁ ትከሻውን ነቅንቆ ከመጋዘን እስከ ወገቧ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ጎትቶ አወጣ። ጎናቸው የተጫረ ስለሆነ ዋጋቸው ወርዷል። አሰማት፤ እነዚህም ጥሩ ናቸው፣ ሰው ይናገራል። ተከራክራ ተከራክራ ገዛቻቸው።

«ከፊታቸው ሶፋም መጋረጃም እንዳታደርጊ፤ ድምፅ ይታፈናል» አላት ሲጭንላት።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ደንቆሮው ባሌ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ሶፋም መጋረጃም አላደረገችም። ግን በልብስ ሰፊዋ ቤት ራቁቱን የሚቆም ዕቃ የለም። ማቀዝቀዣው ልብስ አለው፣ ወንበሩ ልብስ አለው፣ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ ከታች ሽንሽን ያለው ቀሚስ ለብሶ ነው የሚኖረው። ታዲያ እነዚህን ጎናቸው የተጫረ ስፒከሮች እንዲያው ታቆማቸው? ጎረቤት መጥታ ጭረቱን ብታይ ምን ትላለች? ለሙሽራ የገዛችውን ወፍራም ከፋይ አወጣች፤ በጨርቅ ገበር ደርባ፣ ከአናታቸው እስከ እግራቸው የሚደርስ ወይን ጠጅ ቀሚስ አለበሰቻቸው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለት ወፋፍራም ሚዜዎች ይመስላሉ።

ማታ ባሏን ይዛ አስቀመጠችው። ደስ አለው፤ አልደበቀም። ድራማው ተጀመረ። ሰውዬው አንገቱን አሰገገ፣ እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ።

«እህስ?» አለችው።

«ድምፁ ትልቅ ነው፤ ድምፁስ ትልቅ ነው። ግን ሰዎቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው የሚያወሩት።»

«አልሰማህም እንጂ ያወራሉ!»

ጨመረችው፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሰውዬው ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሹራቡን አነሣ።

«እሷጋ?»

«ዛሬ ዋናው ክፍል ነው» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እንግዲህ ለባለቤቱ ባዳ ከሆነ ለጎረቤት እንዴት ዘመድ ሆነ? ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታብሰለስል ቆይታ ድንገት ብድግ አለች። ሄዳ የፀጉር ሠሪዋን በር አንኳኳች።

«ግቢ እትዬ! ምን ልታዘዝ?»

«መርፌ ልዋስ ብዬ» አለች። ልብስ ሰፊ ከፀጉር ሠሪ መርፌ ትዋሳለች! ፀጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ይዛ መርፌ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ቤቱን በዓይኗ በረበረችው። ወንበሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ሰው ጋሪ ይዞ ያልፋል። የሚያስጠረጥር ነገር አጣች፤ ማጣቷ ደግሞ የባሰ አናደዳት። ስፒከሮቹን አየች። ራቁታቸውን ናቸው። አንዲት ክር እንኳ የለባቸውም።

ፀጉር ሠሪዋ ተመልሳ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠች። ድራማው ውስጥ ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሹፌር ከዓመታት በኋላ ተመልሶ፣ ዝናብ እየደበደበው በሯን ያንኳኳል።

«ትክፈትለት እንጂ ጋሼ! ሰው አይሳሳትም?»

«አትከፍትም! እኔ ብሆን አልከፍትም!» ባሏ ጉልበቱን መታ። ፊቱ እንደ ጎረምሳ በርቷል።

«አንተማ ጨካኝ ነህ!»

«አንቺ ሞኝ ነሽ!»

እና ሁለቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ተቀብላ ምስጋና እንኳ ሳትናገር ወጣች።

ቤት ገብታ ምላጭ አነሣች። የከፋዩን ስፌት ተረተረችው፤ ሚዜዎቹን ገፈፈቻቸው። ጭረታቸው ወለል ብሎ ታየ። ይታይ! ሪሞቱን ስትነካ አንዲት ሴት እዚያው ሳሎኗ ውስጥ የቆመች ይመስል ጥርት ብላ ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ዞር አለች፤ ከዚያ በራሷ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ለሙሽራ የገዛችውን ከፋይ አይታ ተናደደች።

በማግስቱ ማታ ሰውዬው ሹራቡን ደርቦ ሊወጣ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ድራማው ተጀመረ። ሰውዬው እጁን ወደ ጆሮው ሊሰድ ሲል መንገድ ላይ ተወው።

«ይናገራሉ!» አለ። «አንቺ፣ ይናገራሉ እኮ!»

ሹራቡን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያሸነፈ ሰው ፊት አደረገች። ልብ ብላ ስታየው ግን ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አልረጋም። ሹፌሩ በሩን እንደገና ሲያንኳኳ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ወደ እሷ ዞረ፤ መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ይላል። አፉን ዘጋ። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳ።

ያቺ እይታ ከሳቁ ሁሉ በለጠች። እንደ መርፌ ገባች። ለካ የተሰረቀው ጆሮው ብቻ አልነበረም።

የመኪናውን መዘውር በእጇ ያዘችው። ቀጭ ቀጩ ቆመ። ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ አስጠግታ ተቀመጠች።

«ይኼ ዝናብ የሚደበድበው ማነው?» አለች።

ሰውዬው የተሳሳተ መሰለው። «ለኔ ነው?»

«ለስፒከሩ ነው! ንገረኝ እንጂ።»

ነገራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ እየዘለለ፣ እየተመለሰ። ሰምታ ሰምታ ሹፌሩ አሳዘናት። «ትክፈትለት እንግዲህ» አለች። «ከስቷል እኮ።»

«እሷም እንዲሁ ነው የምትለው» አለ ሰውዬው።

ልብስ ሰፊዋ ቀጥ አለች። «እሷ?»

«ጎረቤታችን።»

«እንግዲያውስ አትክፈትለት! በሩን በቁልፍ፣ በመወርወሪያ፣ በቁም ሣጥን ትዝጋው!»

«እንዴ! አሁን ትክፈት አላልሽም?»

«አሁን ገባኝ! ሲሄድ ማን ሂድ አለው? ሌላ ቤት ሲስቅ አልከረመም? ዝናቡ ትንሽ ያጥበው!»

«ሰውየው ተጸጽቷል እኮ!»

«ትናንት አንተ አትክፈት ስትል አልነበረም?»

ሰውዬው ጉልበቱን መታ። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ። ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ አዙሮ ወደ እሷ አቀናው። «ትናንት ትናንት ነው» አለ። «ዛሬ ከፍታ ታስገባዋለች፣ ስሚኝ ላስረዳሽ።»

ከኋላው ድራማው አለቀ፤ ሴትዮዋ በሩን ትክፈት አትክፈት አንዳቸውም አላዩም። ልብስ ሰፊዋ ክርክሩን አላቆመችም። ድምፅዋንም ከፍ አደረገች። ባሏ እንዲሰማት ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳውም እንዲሰማ ነው።