ከታች የመጣችው ቅንጣት

ታላቅየዋ ቅናተኛ ናት፤ ምን ይደበቃል! ታናሽ እህቷ የጠፈር ቅንጣቶችን የሚመዘግበውን መሣሪያ መረጃ ስታገላብጥ በጠፈር ተረጋግጦ ያልተገኘውን የሂሊየም ተቃራኒ ቁስ፣ ፀረ-ሂሊየምን፣ የሚመስል አንድ ቅንጣት ያገኘች ለት አንጀቷ እርር አለ። እናታቸውማ በስልክ «እልል! ልጄ ሰማይን በወንፊት ነፋችው!» አሉ። ወንፊቱን ማን ሠራውና? ምድርን በሚዞረው መሣሪያ ላይና ታች የተገጠሙትን፣ ቅንጣት የመታቸውን ቅጽበት የሚመዘግቡ ሁለት የሰዓት ሰሌዳዎች ዓመታት ፈጅታ የሠራች ታላቅየዋ ነበረች። ስለ እሷ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሣሪያው ማግኔት ውስጥ ተራ ሂሊየም ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፣ ፀረ-ሂሊየም ወደ ተቃራኒው። ተራውም ግን ከታች ወደ ላይ ከገባ መንገዱ ቁርጥ ፀረ-ሂሊየምን ይመስላል። በየት በኩል እንደገባ የሚመሰክሩት ሰሌዳዎቹ ናቸው፤ ቀድሞ የተመታው የላይኛው ከሆነ ከላይ መጣ ማለት ነው።

ሁለቱም በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፦ አዲስ ግኝት ሲመጣ «ገዳይ» ይሾምበታል፤ ሥራው ግኝቱን ለማፍረስ መሞከር ነው። አለቃው «ማን ይሁን?» ብለው ሳይጨርሱ ታላቅየዋ እጇን አወጣች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች በታናሿ ስታሾፍ፣ ስትፈትሽም ሰነበተች። አገኘችው! መሣሪያው ከምድር ጥላ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው የታችኛው ሰሌዳ መመታቱን ለቅጽበት ዘግይቶ ይመዘግባል። ቅንጣቷ ልክ ያኔ ከታች የገባች ተራ ሂሊየም ነበረች፤ የታችኛው ስለዘገየ ከላይ የመጣች መሰለች።

«እሰይ!» ብላ ከወንበሯ ዘለለች። ወዲያው ቀዝቀዝ አለች። ያጠፋው የገዛ ሰሌዳዋ ነዋ! ዝም ብትል ታናሿ ትነግሣለች፣ የእሷም ሰሌዳ ይመሰገናል። ብትናገር ሁለቱም ገደል። «ይቺ ትናንት የመጣች ከምትነግሥብኝ የኔም ስም አብሮ ይግባ» አለችና ስብሰባው ላይ ዘረገፈችው።

«ሐቀኛ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አለቃው አጨበጨቡ። ታናሽየዋ እንባዋን ሳትጠርግ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ ዓለም ሳይስቅብኝ አዳንሽኝ። ለኔ ብለሽ የለፋሽበትን ሁሉ ጣልሽ። ሰው እኮ ‹ቀንታብሽ ነው› ሲለኝ ከርሟል። ‹እህቴን አውቃታለሁ› ነበር መልሴ።»

ታላቅየዋ «አዎ፣ ቀንቼብሽ ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን መልሳ ገጠመችው። የታናሿን ጀርባ መታ መታ ታደርግ ጀመር። «በልብም በለጠችኝ» አለች በሆዷ፣ እንደገና እርር ብላ።