የስምንት ሰዓቱ መልእክት

መቱ ላይ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ነፃነት ወደ ቢሮ ትሮጣለች፤ እሑድም ይሁን በዓል። የምትሠራበት የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ኮምፒዩተር መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ሟች ባሏ ሙሉብርሃን የሠራው ፕሮግራም ግን እሷ ስክሪኑ ላይ መስኮቱን ካልከፈተችለት አይሠራም ብላ ታምናለች። ፕሮግራሙ በለቀማ ወቅት በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለጎሬ፣ ለኖፓና ለኡካ ቡና ማድረቂያ ሠራተኞች የስልክ መልእክት ይልካል፦ «ቡናውን ሸፍኑ፤ ሰማዩን አትመኑት።» ቃሉ የራሱ የሙሉብርሃን ነው። እሱ ካረፈ ይኸው ሁለተኛው ለቀማ ሆነ።

የኡካው ማድረቂያ ኃላፊ ጅራታ በስልክ ይቀልድባታል። «እትዬ፣ ዝናቡም እርስዎን ሳያስፈቅድ አይወርድም አሉ!»

ሰኞ ዕለት ኮምፒዩተሩን ልትፈትሽ የመጣችው ባለሙያ ዱንያ መስኮቱን ዘጋችው።

«ምን አደረግሽ! ለስምንት እኮ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው!»

«ይረጋጉ እትዬ። ይሄ መስኮት የመላኪያ ሰዓት ለመቀየር፣ የሄደውን መልእክት ለማየት ነው። መልእክቱን የሚልከው ክፍል ለብቻው ከኋላ ነው የሚሠራው፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።»

«ማንም ባይከፍተው?»

«ማንም ባይከፍተው። ባለቤትዎ እንዳያስቸግርዎ ብለው ይሆናላ የሠሩት።»

ነፃነት አላመነችም። ስምንት አለፍ ሲል ራሷ ኡካ ደወለች።

«ደርሶናል፣ ሸፍነናል!» አለ ጅራታ። «ምነው፣ ዛሬ ድምፅዎ ልክ አይደለም?»

«ጉንፋን ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

መብራት በመጣ ቁጥር ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጠች ስትሮጥ ሙሉብርሃን ቢሮ ሆኖ የሚጠብቃት ይመስላት ነበር። ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ዱንያ፣ መልእክቱ ሰው ካልነካው እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል?»

ልጅቷ ዞራ አየቻት። «ይቻላል። ግን ቢያምዎትስ? አንድ ቀን ቢቀሩ የሰው ቡና ይበሰብሳል።»

ነፃነት ወደ ውጭ ተመለከተች። በጎሬ በኩል ደመናው እየጠቆረ ነበር።

«ተይው» አለች በመጨረሻ። «እሱ እንደሠራው ይሁን።»

ዱንያ ዕቃዋን ሰብስባ ተነሳች። «መስኮቱ እንደተዘጋ ይቆይ?»

«ክፈቺልኝ። አልነካውም፤ ላየው ብቻ ነው።»