ቤቱ ቀድሞን ሄደ

እሺ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አዳማ እኔ የተወለድኩበት ቤት አለን፤ እሱን አከራይተን እኛ ጠባብ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። አሁን ተከራይዋ እትዬ የሺዓለም ሊገዙት ፈለጉና አባዬ ቀብድ ተቀበለ። ግን ቤት ሸጦ ሳይገዛ ያደረ ሰው፣ ብሩን ግማሹን ግብር ግማሹን ኑሮ ይበላበትና ዕድሜ ልኩን ተከራይ ሆኖ ይቀራል ይላል አባዬ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሸጠን ከሰዓት ቆቃ ሐይቁ ዳር ሌላ ቤት እንገዛለን አለ። ከአሁን በኋላ አልሸጥም ካለ ደግሞ ቀብዱን እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። እማዬ በበኩሏ ሞቼ ነው ቆቃ የምገባው ብላ አኩርፋለች።

ዛሬ ደላላው ካሚል የቆቃውን ቤት ሊያሳየን ወሰደን፤ እማዬም እንዳኮረፈች አብራን መጣች። ቤቱ ተዘግቶ የከረመ ነው፣ የሐይቁ ሽታ ገብቶበታል። እኔ ክፍሌን ልመርጥ እየዘለልኩ ገባሁ። የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ቁመት የተለካባቸው መስመሮች አሉ። «ሃዊ» ይላል፣ የእኔው ስም። ከፍ ብሎ ደግሞ «ሃዊ»። እንደገና «ሃዊ»።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሃዊ የምትባል መቼም ሞልታለች። ግን አንዷ መስመር ተሰርዛለች። ልጅ ሆኜ አባዬ አዳማ ቤታችን መቃን ላይ ሲለካኝ በእግር ጣቴ ቆሜ ሸውጄው፣ ነቅቶብኝ የሰረዛት ናት። ጽሑፉም የእሱ ነው። ተጠግቼ ቆምኩ። የላይኛዋ መስመር ልክ አናቴ ላይ አረፈች። አባዬ እኮ መለካት ከተወ ቆይቷል።

የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። ካሚል የድሮዎቹ ባለቤቶች ልጅ ትሆናለች እያለ ቁልፉን ያሽከረክራል።

በቀጥታ አዳማ፣ እትዬ የሺዓለም ጋ ሄድን። መቃኑ ባዶ ነው። አልተቀባም፣ አልተፋቀም።

«እኔ እጄን አላሳረፍኩበትም ልጄ» አሉኝ እትዬ የሺዓለም። «እናንተ ቀጠሮ ስታስተካክሉ ቤቱ ቀድሟችሁ ሄደ።» አልሳቁም።

አባዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እጥፉን ከፍዬ ይቅርብኝ፣ ተከራይ ሆኜ ልሙት አለ።

«ቆቃ መቃኑ ላይ ታች ያለውን አላያችሁትም» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

አላየንም ነበር። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ አጭር መስመር አለ አለች፣ «ኤባ» የሚል።

ኤባ የሚባል ሰው የለንም። እማዬ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ስሙን በጸሎት ብቻ ነው የጠራሁት፣ ለማንም አልተናገርኩም አለች። ከዛ አባዬን አየችው።

«ነገ ትፈርማለህ ጉደታ። ልጁ ቤቱ ደርሷል፤ የዘገየነው እኛ ነን።»