ቬምቡ ከበሮ የሚያቋርጡበት ቦታ

አላመሉ በባህል ማዕከሉ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የኖረችው፤ ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከምጣዷ ጋር። የማይላፖር ሰፈር ሰው ትልቁም ትንሹም እንደ አጎቱ ሚስት ቆጥሮ «ማሚ» ይላታል፤ ዶሳዋን፣ ያን ስስ የሩዝ ቂጣ፣ ያልበላ የለም። ዛሬ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ምግብ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉም በሳሪዋ ጫፍ ተቋጥሯል። መድረኩ ላይ የባሏ የቬምቡ ፎቶግራፍ የጃስሚን ጉንጉን ተደርጎለት ቆሟል፤ ከበሯቸው ከጎኑ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕንዷ ቼናይ ከተማ የሙዚቃ ድግስ ላይ ዘፋኙ ዘፍኖ ዘፍኖ ሲያበቃ መድረኩን ለከበሮ መቺው ይለቅለታል፤ ከበሮ መቺው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻውን ይጫወታል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ይነሣል! ሽማግሌው ወገቡን ይዞ፣ ሴትዮዋ ሳሪዋን ሰብስባ፣ እየተጋፉ ወደ ምግብ ቤት። ክፋት የለበትም፣ ልማድ ነው። ስለዚህ ቬምቡ ብቻቸውን መጫወት በጀመሩ ቁጥር አላመሉ ላይ መቶ ሰው ይጎርፍባታል። ለእሳቸው የክብር የሆነው ግማሽ ሰዓት ለእሷ የመከራ ነበር። አንድም ቀን ገብታ ሰምታቸው አታውቅም።

አንዴ ቤት ውስጥ እንግዳ ተሰብስቦ ሳለ ቬምቡ እየሳቁ፣ «አገሩ ሁሉ ሰምቶኛል፤ ሚስቴ ብቻ ናት ያልሰማችኝ» አሉ።

አላመሉ ደግሞ መልስ አታጣም። «እኔ እርስዎን ስሰማ ዶሳውን ማን ሊገለብጥ ነው? አድማጮችዎ በባዶ ሆድ ያጨበጭቡልዎታል?» ብላ እንግዳውን አሳቀችው። እሳቸውም ሳቁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት መጥተው የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «ዘንድሮስ ግቢና ስሚኝ» አሏት። «እጄ እየከዳኝ ነው።»

«እሺ፣ እገባለሁ» አለች። ከልቧ ነበር። ከዚያ ሕዝቡ ጎረፈ፣ አንደኛው አስተናጋጅ ቀረ፣ ሥራው አናቷ ላይ ወጣ። ቀና ስትል ጭብጨባ ሰማች፤ አልቋል። እሳቸውም ምንም አላሏት። የካቲት ላይ ልባቸው ቆመ።

ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ይኼ ነው። የጠየቋት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ከለከለቻቸው።

«እማ፣ አባዬ ቂም የሚይዝ ሰው ነው እንዴ?» ትላታለች ልጇ ያሙና።

«ቂም ሌላ፣ ቅሬታ ሌላ። ቅር ብሏቸው ሄደው ቢሆንስ?» ትላለች አላመሉ።

በዛሬው መታሰቢያ ንግግር ያደረጉት ፕሮፌሰር ናራሲምሃን ናቸው። የተማሩ ሰው ናቸው፣ መቼም የተማረ ሰው አያሳጥርም። «የቬምቡ ትልቁ ምስጢር ዝምታቸው ነው» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ብቻቸውን ሲጫወቱ መሃል ላይ ድንገት ያቋርጣሉ። ጸጥ! ከዚያ በግራ እጃቸው ሁለት ለስላሳ ምት፣ ዱም፣ ዱም፣ ይመቱና ይቀጥላሉ። አሥራ አንድ ቅጂ አዳመጥኩ። ቦታው በየጊዜው ይለያያል። ደግሞ በዚህ አዳራሽ እንጂ ሌላ የትም አላደረጉትም!» ከዚያም ይህ ዝምታ በቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳለው ባዶ ክፍል ነው ብለው ረጅም ትንታኔ ሰጡ።

ለውይይት ዕድል ሲሰጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ ሽማግሌ ተነሡ። «ምን ምስጢር አለው? ላባቸውን እየጠረጉ ነዋ!»

«እርስዎ ደግሞ መቼ ሰምተው ያውቃሉና?» አለቻቸው ከኋላ አንዲት ሴትዮ። «ሁልጊዜ ከዶሳው ሰልፍ ፊት እርስዎን አይደል የማየው!»

አዳራሹ ሳቀ። የማዕከሉ ጸሐፊ ካስቱሪ ወደ አላመሉ ጎንበስ ብሎ፣ «ማሚ፣ ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አጫውተውሽ ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃት።

«ቤት ውስጥ ስለ ጨው እንጂ ስለ ከበሮ አውርተን አናውቅም» አለች።

ካስቱሪ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። አሁን የሚሰማው ያለፈው ታኅሣሥ ጨዋታ መሆኑን ተናገረ። የቬምቡ ክንድ ስለደከመ መቅጃው ማይክሮፎን እሳቸው አጠገብ፣ የመድረኩ የኋላ ግድግዳ ሥር ተተክሎ ነበር፤ እስከዛሬ ከተቀዱት ሁሉ ጥርት ያለው ይህኛው ነው አለ። ከዚያ ቅጂው ተከፈተ።

ከበሮው ገና ሦስቴ ከመጮሁ ወንበሮች ተንኳኩ። ሰው ተነሣ! ሳያውቁት፣ ሳያስቡ፣ በራሳቸው በቬምቡ መታሰቢያ ቀን፣ ግማሹ አዳራሽ ወደ በሩ ተመመ። ምግብ ቤቱ ተቆልፎ ምን ሊበሉ እንደሆነ እነሱም አያውቁትም።

አላመሉስ? እሷማ ከሁሉም ቀድማ የጎን በሩ ጋ ደርሳለች። የሳሪዋን ጫፍ ፈትታ ቁልፉን በእጇ ይዛለች። ምጣዱን መጣድ አለባት፣ መቶ ሰው ሊመጣባት ነው።

«እማ!» ያሙና ክንዷን ያዘቻት። «የት ልትሄጂ ነው?»

አላመሉ ቁልፉን አየች። አቤት ውርደት! ፊቷ ጋለ። ዛሬም ጥላቸው ልትሄድ ነበር። ሞተውም ልትሰማቸው አልቻለችም። መቀመጫዋ ድረስ መመለስ አፈረችና እዚያው በሩ ሥር፣ ከድምፅ ማጉያው ሳጥን አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የወጡትም የምግብ ቤቱ በር መቆለፉን አይተው አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ጀመር።

ከበሮው ይሮጣል። ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ይሮጣል። አላመሉ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እነዚያ ጣቶች፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው ጣቶች፣ እንዲህ ያደርጉ ነበር?

ድንገት ከከበሮው ሥር፣ ከሩቅ፣ የብረት ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ።

ከበሮው ቆመ። ጸጥ አለ። ከዚያ፣ ዱም፣ ዱም።

አላመሉ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኼ ኳ ኳ የሚለው ምንድን ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?»

«ማሽኑ አይደለም» አለች አላመሉ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ካስቱሪ ቅጂውን አስቆመ።

«የመጀመሪያው ዶሳ ሲደርስ በመገልበጫው የምጣዱን ጠርዝ ሁለቴ እመታለሁ፣ አስተናጋጁ እንዲመጣ። የማድ ቤቱና የመድረኩ ግድግዳ አንድ ነው። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ለዚህ ነው ቦታው የማይገጥምልዎ፣ ፕሮፌሰር።»

ናራሲምሃን መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«በዚያ በሰው ጫጫታ መሃል መልሳቸው አይሰማኝም ነበር» አለች አላመሉ። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል፤ አልጠረገችውም። «ያን ቀን እገባለሁ ብያቸው ነበር። ምጣዱን ስመታ ሰሙኝ፤ እንዳልገባሁ አወቁ። እንዳልገባሁ እያወቁ መለሱልኝ። እኔ ሳልሰማቸው ሄዱ ብዬ ነው የማለቅሰው። እሳቸው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት እኔን ሲሰሙ ነው የኖሩት።»

ያሙና ተጠምጥማባት ታለቅስ ጀመር። አላመሉ ልጇን ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ያዥልኝ» አለቻት። «ጨዋታው እስኪያልቅ እንዳትሰጪኝ።»

ከዚያ ተመልሳ የፊት ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ወደ ካስቱሪ ቀና አለች።

«ከመጀመሪያው አድርግልኝ» አለችው።

ቅጂው እንደገና ተከፈተ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም።