ማንም ያልመታው ልጅ

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አለች አሮጊቷ ጎረቤት ፍሩማ በሩን በእጇ ይዛ። «ሂንዳ፣ ልጄ፣ እንዳትነሺ። እኔ አለሁ።»

ያመጣው ሰውዬ ምን ያድርግ፣ የአበባ ሱቅ ተላላኪ ነው። ጉዱ የያዘው ነገር ነበር። ከሰው ደረት የሚሰፋ የአበባ ጉንጉን፣ ያውም ጥቁር ቀለም ከተነከረ ጽጌረዳ፣ ያውም በፊልሙ ክፉ ንጉሥ በዘልቫር ጭምብል ቅርጽ! የዓይኑ ቀዳዳዎች በቀይ አበባ ተሞልተዋል። አይሁድ ለቅሶ ቤት አበባ እንደማይላክ ብሩክሊን ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? የተቀቀለ እንቁላል ይላካል፣ ዓሣ ይላካል፣ የድንች ጋገራ ይላካል። የፀሐይ አጥፊውን ፊት በጽጌረዳ ሠርቶ መላክ ግን ለጠላት እንኳ አይደረግም።

«ከማን ነው የሚለው?» አለች ሂንዳ ከአጭሯ በርጩማ ላይ ሆና።

ፍሩማ ካርዱን ከዓይኗ አርቃ አነበበች። «"ለታላቁ ሠዓሊያችን፣ ከመላው ቤተሰብዎ" ይላል። አሳታሚዎቹ ናቸው። ቤተሰብ! አንድ ቀን ለበዓል ደውለው የማያውቁ ቤተሰብ! አባትሽ በሕይወት ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር።»

ሂንዳ መሳቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ። አበባው ደረጃው ላይ ተጣለ፤ ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ሁሉ አንዴ ሳይደነግጥ አላለፈም።

የሂንዳ አባት ካልማን ብሮድነር ከተቀበረ ገና ሁለት ቀኑ ነው። መስታወቶቹ በአንሶላ ተሸፍነዋል፤ የሂንዳ ሸሚዝ በልማዱ መሠረት ከልብ በኩል ተቀድዷል። ሰባቱን የለቅሶ ቀናት ከበርጩማዋ አትርቅም፤ ለቀስተኛው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የወረቀት ኩባያውን ይዞ ስለ ሟቹ ያወራል። ያወራል ሲባል ግን እሷ ካወራች ነው። ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ለቅሶ ደራሽ ቃል አይተነፍስም፤ ከጥንት የመጣ ሕግ ነው። ዝም ካለ፣ አብሮት ዝም ብሎ ተቀምጦ መሄድ ነው።

ዘልቫርን የማያውቅ ሕፃን የለም። ከዋክብትን አንድ በአንድ እንደ ሻማ እፍ ብሎ የሚያጠፋው የሲኒማው ጨካኝ ንጉሥ፣ ጭምብሉ በየሱቁ የሚሰቀል፣ ድምፁን ታክሲ ነጂው ሁሉ የሚያስመስለው። ያንን ፊት መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያወጣው ካልማን ነው፤ ወጣት ሳለ፣ ለርካሽ መጽሔት፣ በቀን ሠራተኝነት። ፊልሙ መጣ፣ ሁለተኛው መጣ፣ ሰው ሁሉ ከበረ። የካልማን ስም የትም አልነበረም። ካረጀ በኋላ ነው እንግዲህ ከአሳታሚዎቹ አንዱ ትዝ ብሎት «የዘልቫርን ልጅነት በሥዕል ታሪክ ሥራልን፤ ስምህም ይገባል» ያለው። ስድስት ክፍል ነው። አምስቱ ወጥተዋል፤ ስሙ በውስጥ ገጽ ላይ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ተጽፏል። ስድስተኛውን ጨርሶ በላከ በሳምንቱ ልቡ ቆመ።

አጎቷ አንሸል፣ የካልማን ታናሽ ወንድም፣ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

«ያ አዘጋጅ፣ ሃሎክ የሚሉት፣ ደውሎ ነበር። ነገ ይመጣል።»

«ሊያለቅስ?»

«ፈቃድ ሊጠይቅ።» አንሸል ጺሙን ዳሰሰ። «አንቺ አሁን ስለ ሥራ እንደማይነገርሽ አውቃለሁ። ግን ከነገ ወዲያ ማተሚያ ቤት ይገባል። የመጨረሻውን ክፍል ቀይረውታል።»

«ምኑን ነው የቀየሩት?»

«አባትየውን። ቀበቶ አስይዘውታል። ልጁን ይገርፈዋል።»

ሂንዳ ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ግን ደሟ ፈላ።

«የማንን አባት ነው ቀበቶ ያስያዙት?» አለች። «አጎቴ፣ የማንን?»

አንሸል የማን እንደሆነ ያውቃል፤ የገዛ አባቱ ነው! በሥዕሉ ውስጥ የዘልቫር አባት በሰማይ ላይ ላለች ከተማ የመስታወት ጣሪያ የሚገጥም ሠራተኛ ነው። ካልማን የሰጠው ፊት ግን ከሰማይ አልመጣም። የተንጠለጠለው ጢም፣ የታጠፈው ግራ ጆሮ፣ ጀርባው ላይ የሚሸከመው የመስታወት ሣጥን፣ ሁሉም የሂንዳ አያት የላይቢሽ ብሮድነር ነው። ላይቢሽ በዚህ ሰፈር ከመንገድ መንገድ እየዞረ «መስታወት! መስታወት!» ብሎ የኖረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ መጽሔቱን ሲያዩ «ውይ፣ ላይቢሽ!» ብለው ገጹን ስመውታል።

ሂንዳ ልጅ ሳለች አባቷን ጠይቃው ነበር። ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ተጨቃጭቃ መምጣቷ ነው። አንዷ ዘልቫር እናቱ ስለሞተችበት ነው ክፉ የሆነው አለች፤ ሌላዋ የለም፣ ስለመቱት ነው አለች።

«አባዬ፣ ዘልቫርን ማን መታው?»

ካልማን ብሩሹን አስቀመጠ። «ማንም።»

«ታዲያ ለምን ክፉ ሆነ?»

«ይወዱት ነበር፣ ያበሉት ነበር፣ እያቀፉ ያስተኙት ነበር። ማንም አልመታውም። ስለዚህ ነው የሚያስፈራው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች ታስታውሳለች። የተመታ ልጅ ክፉ ቢሆን ሰው መምታቱን ይተዋል፤ ያልተመታውን ምን ያደርጉታል?

ምክንያቱን የነገራት በዚህ ክረምት ነው፣ ስድስተኛውን ክፍል እየሠራ። መስመሩን ለማቅናት ክርኑን በመጽሐፍ ደግፎታል። በገጹ ላይ ትንሹ ዘልቫር መዶሻ ይዞ የሰማዩን ከተማ ጣሪያ ሰብሯል፤ አየር ጠፍቶ ሰው አልቋል። አባትየው መጥቶ ከፊቱ ቆሟል።

«አሁን ይመታዋል» አለች ሂንዳ ሻይ እያስቀመጠችለት።

«አይመታውም። "ለምን?" ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ "ዝም ብዬ" ይላል። አባትየው ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን በባዶ እጁ ይለቅማል። አለቀ።»

«ከተማ ሙሉ ሰው ጨርሶ? እንዲህማ አይሆንም፣ አባዬ!»

«በእኔ ሆኗል።» ሻዩን ሳይጠጣ ወደ ጎን ገፋው። «የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምኩራባችንን መስኮት በድንጋይ ሰበርኩት። ማንም አላስቀየመኝም፣ ማንም አልነካኝም። ደስ አለኝ፤ ኃጢአቱ እሱ ነው፣ ደስ አለኝ። አባቴ መጣ። መስኮቱን የገጠመው እኮ እሱ ነው! "ለምን?" አለኝ። "ዝም ብዬ" አልኩት። አንዲት ጥፊ ቢያሳርፍብኝ ምን ነበረበት፣ ይቀለኝ ነበር። ተንበርክኮ ለቀመ። መዳፉ ደማ። ያን ጊዜ በራሴ ውስጥ ያየሁትን ነው ዕድሜ ልኬን የሣልኩት። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ፤ ዘልቫር አልቆመም። ልዩነታችን ይሄ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ይሄንን አባት ነው ቀበቶ ያስያዙት! ሂንዳ ሌሊቱን እየተገላበጠች፣ ጠዋት በበርጩማዋ ላይ እየተንቆራጠጠች፣ ቆሽቷ አረረ። ዓለም ሙሉ ላይቢሽን ሊያየው ነው፤ በጢሙ፣ በታጠፈ ጆሮው፣ ልጅ ደብዳቢ ሆኖ።

ሃሎክ በማግስቱ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሳለ ደረሰ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ ብብቱ ሥር ሰፊ ጥቁር ማኅደር የያዘ። ፍሩማ በር ላይ ያዘችው።

«አንተ ነህ የአበባው?»

«አዎ፣ ደረሰ እንዴ? ወደዳችሁት?»

«እግዜር ይይልህ። ስማ፣ ውስጥ ስትገባ አፍህን እንዳትከፍት። እሷ ካላናገረችህ አትናገርም። እዚህ ቤት ሕጉ ይሄ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እስክታናግርህ!»

ገባ፤ ከሂንዳ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ዝቅ ብላ፣ እሱ ከፍ ብሎ። ፈገግ አለ። አላየችውም። ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ፍሩማ ከበሩ «እ!» አለችው። ቤቱ ሙሉ ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣ ሰምቷል፣ አንሸል ምስጢር አይችልም። ሂንዳ ዝም። ሃሎክ ካፖርቱን ማውለቅ እንኳ አፍሮ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ይበለው! በሬሳ ላይ ሊደራደር የመጣ ሰው ትንሽ ቢቃጠል ምን አለበት?

በመጨረሻ ሂንዳ ቀና አለች። የተናገረችው ግን ለሱ አልነበረም።

«አያቴ ላይቢሽ» አለች ለቤቱ ሁሉ፣ «ልጅ ይመታ ነበር?»

«ላይቢሽ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ። «ኳሴ መስኮቱን ሰብሮ ገብቶ እናቴ ልትገርፈኝ ስትሮጥ በመካከላችን የቆመ ሰው ነው። "ተይው፣ ልጁ እንጀራዬ ነው፣ እሱ ካልሰበረ እኔ ምን እበላለሁ?" አላት።»

ሳቅ ሆነ። ፍሩማ ዓይኗን ጠረገች። «እጁን አንስቶ አየሁት የምለው፣ ሲጸልይ ብቻ ነው።»

«ሰማህ?» አለች ሂንዳ፣ አሁን ወደ ሃሎክ ዞራ።

«ወይዘሮ ሂንዳ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ ቃሉ ተደራርቦበት። «አባትዎ ሊቅ ነበሩ። ግን ይረዱኝ፣ አንባቢው ለልጁ ሊያዝንለት ይገባል። ሰው እንዲሁ ያለ ምክንያት ክፉ አይሆንም።»

«በምን አወቅክ?»

«ማለቴ...»

«በምን አወቅክ ነው የምልህ! አባቴ በራሱ ላይ ያየውን ነው የሣለው። አንተ ምን አይተህ ነው የቀየርከው? ፊቱንስ ለምን አልቀየርክም? ሌላ ጢም፣ ሌላ ጆሮ ማውጣት ያቅታችኋል?»

«አምስት ክፍል የወጣ ፊት ነው፤ አሁን አይቀየርም። ገጹም ተሠርቶ አልቋል። መቀየሩ መብታችን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውላችን የሚያግደን አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተቀየረ፣ ያለ ፈቃድ ስማቸውን ማስገባት አንችልም። እሳቸው ስለሌሉ ፈቃጇ እርስዎ ነዎት። እኛ ደግሞ ስማቸውን ልናከብር ነው የፈለግነው። እስቲ ይዩት።»

ማኅደሩን ከፍቶ ሽፋኑን አወጣና ጉልበቷ ላይ አኖረላት። ግማሽ የልጅ ፊት፣ ግማሽ ጭምብል። ከላይ፣ ከዘልቫር ስም እንኳ ገዝፎ፣ በወርቅማ ፊደል፣ ካልማን ብሮድነር።

አንሸል ተነስቶ መጥቶ ፊደሉን በዓይኑ ዳሰሰው። ካልማን ስንቱን ዓመት በየመጽሔት መሸጫው ቆሞ ይሄንን እንደፈለገ እሱ ያውቃል። መጽሔቱን ገልጦ፣ አገላብጦ፣ ስሙን አጥቶ፣ ምንም እንዳልመሰለው አድርጎ ሲመልስ አብሮት ነበር።

«ስሙን ሰርዙት» አለች ሂንዳ።

«ሂንዳ!» አለ አንሸል። «አብደሻል? ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«የኔም አባት ነው እኮ የተሰደበው። እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ስሙ ይታተም፣ ስሙ ብቻ ይታተም! ገጹን ሰው ይረሳዋል።»

«አጎቴ፣ ስሙ እዚህ ካለ ቀበቶውን ለአባቱ ያስያዘው ካልማን ነው ይባላል። ልጁ ነው የመሰከረበት ይባላል። እዚህ የሰቀሉትን ስም መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ያፍርበታል። አልፈቅድም። ሰርዙት።»

አንሸል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ሃሎክ። «ነገ ማተሚያ ይገባል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ላይኛው ባዶ ሆኖ ይወጣል።»

«እንዲህ ማለት ነዋ» አለችና መዳፏን ስሙ ላይ አኖረች።

ወርቁ ሁሉ ከእጇ ሥር ገባ። ከላይ ምንም አልቀረም። ሃሎክ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ገብቶኛል» አለ። ሽፋኑን በጠርዙ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው። አልመጣለትም። «ወይዘሮ ሂንዳ፣ ገብቶኛል። እንሰርዘዋለን።»

«አዎ፣ ውሰደው» አለች። «ውሰደው።»

መዳፏ ግን ስሙን ተጭኖ እንደያዘ ነበር። እንደገና ሳበ። አንሸል ከፊቷ በርከክ ብሎ ጣቶቿን ያዘላት።

«ልቀቂው እንግዲህ፣ ልጄ።»

«ቆይ» አለችው ሂንዳ። «ቆይ፣ ትንሽ።»