ከመድኃኒቱ ያመለጡት

የዶክተር ኢሊንካ ደም ፈላ። አለቃዋ ፕሮፌሰር ቫሌሪዩ፣ ክሉዥ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው፣ «መድኃኒታችን የአንጎል ካንሰርን ድምጥማጡን አጠፋው» ብለው ለጋዜጠኞች ሊያውጁ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። እሷ በማይክሮስኮፕ የምታየው ግን ሌላ ነው። ከመድኃኒቱ ያመለጡት ጥቂት የካንሰር ሴሎች ተራብተው የሙከራ ሳህኑን ሞልተውታል። በሽታውን የሚመልሱትም እነዚሁ እርኩሶች ናቸው።

«ኧረ ይምጡና ይዩ!» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለጋዜጠኞቹ የምናሳየው ፎቶ እንደሆነ ሳህኑ ንጹሕ የነበረ ዕለት ተነስቷል። ያኔውኑ ጣይው አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሻል? አሁን ጣይውና ነይ፤ የፓሊንካ አረቄው እየተቀዳ ነው።»

ኢሊንካ ሳህኑን አንስታ አፍንጫቸው ስር ደቀነችው።

«ሳህኑንስ እሺ፣ ልጣለው። የበሽተኛውን ጭንቅላት የት ልንጥለው ነው፣ ፕሮፌሰር?»